ቀለበት ያላት ወፍ እጃችን ስትገባ



የዛሬው ጉዳዬ መንገድ ስታ ሰው ግቢ ያረፈች ወፍ ናት። እግሯ ላይ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ላይ ፊደልና ቁጥር ተቀርጿል። ልጆች ከበዋታል፣ ድመት አድፍጣለች፣ አንዱ ትታረድ ይላል፣ ሌላው ትሸጥ ይላል። በዚያች ሰዓት ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ አንድ ሰው በየመንደሩ ቢኖር ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። የመጣሁትም ያንን ሰው ከእናንተ መካከል ለማግኘት ነው።

የቀለበቱ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ሥርዓት የያዘው በውድድር እርግቦች ዘንድ ስለሆነ ከእነሱ ልጀምር። የእርግብ ውድድር ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን ቤልጅየም ውስጥ ነው። ዛሬ ከሆላንድና ከፖላንድ እስከ ታይዋንና ቻይና፣ ከኩዌት እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ብዙ ሰው ይከታተለዋል። እርግቦቹ በመኪና ተጭነው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ይወሰዱና በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። ከዚያ እያንዳንዷ ወደ ገዛ ቤቷ ትበራለች። የአንዱ ቤት ቅርብ የሌላው ሩቅ ስለሆነ አሸናፊዋ የምትለየው ቀድማ በመግባቷ ሳይሆን፣ የበረረችው ርቀት ለወሰደባት ጊዜ ተካፍሎ በሚገኘው ፍጥነት ነው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ኒው ኪም የተባለች የቤልጅየም እርግብ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች።

እርግቧ ከማታውቀው ቦታ ተነሥታ ቤቷን እንዴት ታገኛለች? ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ገና ያከራክራል። ፀሐይን እንደ አቅጣጫ መለኪያ እንደምትጠቀም የተረጋገጠ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኪተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በእርግቦች ላይ ትንንሽ ማግኔት አሰረ፤ ፀሐይ በወጣበት ቀን ብዙም አልተቸገሩም፣ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግን አቅጣጫ ጠፋባቸው። የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንደሚያነቡ ያመለከተ ሙከራ ነበር። በጣልያን አገር ፒሳ ላይ ፍሎሪያኖ ፓፒና ባልደረቦቹ ደግሞ ማሽተት የተከለከሉ እርግቦች ከማያውቁት ቦታ ሲለቀቁ መንገድ እንደሚስቱ አሳዩ። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በበኩላቸው እርግቦች በሚያውቁት አገር ላይ ሲበሩ የመኪና መንገድ ተከትለው እንደሚሄዱ፣ መገንጠያ ላይ ሲደርሱም አብረው እንደሚታጠፉ ደርሰውበታል። ይህን ሁሉ የታደለች ወፍ ግን ማዕበል ሊያስታት ይችላል። ጭልፊት ያባርራታል፣ ጭጋግ ይጋርዳታል፣ ጥም ያደክማታል። ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ታርፋለች፤ ሰው ሲቀርባት የማትሸሸውም ጉልበቷ ስላለቀ ነው።

ባለቤቷን የሚያስገኘው ቀለበቱ ነው። ጫጩቷ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆናት ሦስቱ የፊት ጣቶቿ አንድ ላይ ይያዙና መገጣጠሚያ የሌለው ጠባብ ቀለበት በእነሱ ላይ ሾልኮ ወደ እግሯ ይገባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሯ ስለሚያድግ ቀለበቱ ካልተቆረጠ በቀር ዕድሜዋን ሙሉ አይወጣም። ላዩ ላይ የአገሩ ወይም የማኅበሩ ምልክት፣ የተፈለፈለችበት ዓመትና የራሷ ቁጥር ይጻፋል። ያ ቁጥር በአገሩ ማኅበር መዝገብ ላይ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቧል። አንዳንዱ ባለቤት ስልክ ቁጥሩን በሌላ ቀለበት ላይ ያትማል፣ ክንፏ ላይ የሚያትምም አለ። እንግዲህ ቀለበቱ በእኛ አገር በላም ጆሮ ላይ እንደሚደረግ ምልክት ነው፤ የማን እንደሆነች ይናገራል።

ታይዋን ውስጥ ይህ ስልክ ቁጥር ለክፉ የዋለበት ጊዜ አለ። ወንበዴዎች እርግቦቹ በሚያልፉበት መንገድ መረብ ዘርግተው ይይዛሉ፤ ከዚያ ለባለቤቱ ይደውሉና ማስለቀቂያ ይጠይቃሉ። ባለቤቱም ስለሚወዳት ይከፍላል። ወደዚያው ስልክ ደውሎ "እርግብህ እኔ ጋ ናት፣ ውሃ ጠጥታለች፣ ነገ እለቃታለሁ" የሚል ሰውም በዓለም ዙሪያ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛው ዓይነት ሰው በከተማችን በሻሸመኔም እንዲበዛ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። እዚህ የእርግብ ውድድር የተለመደ አይደለም። እርግቦቻችን የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ጣሪያ ላይ የሚያርፉት፣ ልጆች በቆርቆሮና በጣውላ ቤት ሠርተው የሚያረቧቸው ናቸው፤ ቀለበት የላቸውም። ነገር ግን ቀለበት ያላቸው ወፎች በብዛት የሚያልፉበት አገር ላይ ተቀምጠናል። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስምጥ ሸለቆው ከቀይ ባሕር ወደ ደቡብ የሚዘልቅ የወፎች ጎዳና ነው። መስከረም ሲጠባ ከሩሲያ፣ ከፖላንድ፣ ከጀርመን፣ ከሀንጋሪና ከቡልጋሪያ የተነሡ ወፎች ብርዱን ሸሽተው መምጣት ይጀምራሉ፤ መጋቢት ላይ ይመለሳሉ። ሽመላው በቱርክ፣ በእስራኤልና በሲና ዞሮ ዓባይን ተከትሎ ይወርዳል። የግብፅ ጥንብ አንሳ ከባልካን አገሮች ተነሥቶ በአፋርና በድሬዳዋ አካባቢ ይከርማል። ዳክዬዎቹ ዝዋይ፣ አቢጃታና ሐዋሳ ሐይቆች ላይ ይወርዳሉ። ከእኛ ከተማ ጥቂት ወደ ሰሜን ያለው የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የራሱ ትንግርት አለው። ነጫጭ ፔሊካኖች በሻላ ደሴቶች ላይ ይራቡ ነበር፤ ነገር ግን ሻላ ውስጥ የሚበሉት ዓሣ ስለሌለ በአየር ተሻግረው አቢጃታ ላይ ያጠምዱ ነበር። የአቢጃታ ውሃ እየሸሸ፣ ጨውነቱ እየበረታ ሲሄድ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግብ ፍለጋ ከበፊቱ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ የምናውቀው ጨለለቃም በአንድ ዘመን ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ነው። ወፎቹ የሚያርፉበት እየጠበበ በሄደ መጠን ወደ ማሳችን፣ ወደ ጓሯችንና ወደ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎቻችን ይበልጥ ይጠጋሉ። ስለዚህ ከሰው እጅ የመግባታቸው ዕድልም ይጨምራል።

ለዱር ወፍ ቀለበት ማሰር በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው በ1899 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ነው። ቪቦርግ በምትባል ከተማ ሀንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ መምህር ቁጥርና የከተማው ስም የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። ለረጅም ዘመን ወፎች የብርዱን ወራት የት እንደሚያሳልፉ በውል አይታወቅም ነበር። ጭቃ ውስጥ ገብተው ይተኛሉ የሚሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ግምት ካናጉት አንዱ በ1822 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ክሉትስ በተባለ ቦታ የተገኘ ሽመላ ነው። አንገቱን ወግቶ ያለፈ ረጅም የእንጨት ጦር ይዞ ነበር፤ ጦሩ አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ሆነ። አካሉ ደርቆ እስከ ዛሬ ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይታያል። ሽመላው አፍሪካ ሄዶ እንደነበረ ያረጋገጠው ሊገድለው የወረወረበት ሰው ጦር ነው። ቀለበት ሲመጣ ያንኑ ምስክርነት ያለ ደም ማግኘት ተቻለ።

አንድ ታሪክ ግን ከሁሉ አስበልጬ እወዳለሁ። በግንቦት 1911 እ.ኤ.አ. ጆን ሜስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ጠበቃ ስታፎርድሺር ውስጥ ጅራቷ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በጣሪያ ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራውን ትንሽ ወፍ፣ ጨረባን፣ ያዘና ቀለበት አሰረላት። ቀለበቱ ላይ B830 የሚል ቁጥርና የአንድ ለንደን ያለ አሳታሚ አድራሻ ተቀርጾ ነበር። በታኅሣሥ 1912 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ውስጥ፣ ዩትሬክት በምትባል ከተማ አካባቢ ባለ እርሻ ቤት ውስጥ አንዲት ወፍ ተያዘች። በእግሯ ላይ ቀለበቱ ተገኘ። ነገሩን የሰማ አንድ ሰው ብዕር አንሥቶ ወደተጻፈው አድራሻ ደብዳቤ ላከ። ያ ደብዳቤ ከእንግሊዝ ጣሪያ ሥር የምትፈለፈለው ጨረባ እስከ ደቡብ አፍሪካ እንደምትወርድ የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ማስረጃ ሆነ።

እስቲ ያን ደብዳቤ የጻፈውን ሰው አስቡት። ሳይንቲስት አይደለም። ማንም አላዘዘውም፣ የሚከፈለውም የለም። ነገሩን ሰምቶ ዝም ብሎ ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር። ደብዳቤ መጻፉ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ጨረባ ጉዞ የተጻፈውን ቀየረው። ቀለበት ከታሰረላቸው ትናንሽ ወፎች መካከል ከመቶ አንዷ እንኳ ዳግም አትገኝም። ስለዚህ ባለሙያ የፈለገውን ያህል ቀለበት ቢያስር፣ በሌላኛው ጫፍ ላይ ቁጥሩን አንብቦ የሚልክ ሰው ከሌለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ያኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ አፍሪካ ነው። እኛ ነን።

አገራችን በዚህ ነገር ውስጥ የምትኮራበት ታሪክም አላት። ራሱ ላባ የሌለበት፣ መንቁሩ ወደ ታች የታጠፈ፣ በእንግሊዝኛ ሰሜናዊ ራሰ በራ አይቢስ የሚሉት ጥቁር ወፍ አለ። በመካከለኛው ምሥራቅ በዱር ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን በ2002 እ.ኤ.አ. ሶርያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ ሰባት ብቻ ሆነው ተገኙ። እዚያ ይራባሉ፤ የቀረውን ጊዜ የት እንደሚከርሙ ግን ማንም አያውቅም ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ከመንጋው ሦስቱ ተይዘው የሳተላይት መከታተያ ተደረገላቸው። ስም ወጣላቸው፤ ሰላም፣ ሱልጣንና ዘኖቢያ። ወፎቹ በዓረቢያ ምዕራብ ዳርቻ ወርደው፣ የመንን ተሻግረው፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ምልክቱን ተከትሎ ሄዶ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ አገኛቸው። ለ30 ዓመት ያህል በአገራችን ማንም አላያቸውም ነበር። ባለሙያዎቹ ሲደርሱ ወፎቹ ሰው በሚያርስበትና ከብት በሚያግድበት ሜዳ ላይ ይለቅሙ ነበር።

በኋላ በተደረገው ክትትል እንደታወቀው ብዙ ወጣት አይቢሶች የጠፉት በመንገድ ላይ በአዳኝ ጥይትና በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በእኛ ገበሬ መስክ ላይ ግን ተከብረው ከረሙ። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ምን ዓይነት ወፍ አጠገቡ እንዳለች ሳያውቅ የመካከለኛው ምሥራቅን የመጨረሻ የዱር መንጋ ጠበቀ። ሶርያ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ግን በፓልሚራ የነበረው ጥበቃ ተናጋ፤ ያ የዱር መንጋ ዛሬ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ይሁን እንጂ ስለ እነሱ ያወቅነው ጥቂቱ ነገር የተገኘው ምልክቱን ተከትለው በሄዱ ሰዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ላንሣ፤ ፍርሃት። በ2013 እ.ኤ.አ. ግብፅ ውስጥ ቄና በተባለው ግዛት አንድ ሰው ጀርባው ላይ መሣሪያ የተደረገበት ሽመላ ይዞ ወደ ፖሊስ ወሰደው። መሣሪያው የስለላ ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረና ሽመላው ታሰረ። ባለሙያዎች መርምረው የጉዞ መከታተያ መሆኑን አረጋገጡ፤ ወፉ ሀንጋሪ ውስጥ ምልክት የተደረገለት ነበር። ተለቀቀ። ሜኔስ የሚል ስም የወጣለት ይህ ሽመላ ብዙም ሳይቆይ አስዋን አካባቢ ተገድሎ ተበላ። ሱዳንና ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥም እስራኤል ውስጥ ምልክት የተደረገላቸው ጥንብ አንሳዎች በተመሳሳይ ጥርጣሬ ተይዘው ነበር።

በዚህ ሰዎቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ሰላም በጎደለበት ዘመን ሽቦና ባትሪ የተሸከመ ወፍ ማሳው ላይ ሲወድቅ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። እኛም ብዙ ክፉ ጊዜ አይተናል። ፍርሃቱን የሚያስወግደው ማወቅ ብቻ ነው። መሣሪያው በወፏ ጀርባ ላይ በማሰሪያ የታሰረ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ብዙ ጊዜ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ገጽ አለው፣ ቀጭን ሽቦ የሚወጣለትም አለ። የሚልከው ወፏ ያለችበትን ቦታ ነው። ፖሊስ ቢጠራ እንኳ በዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያለ አንድ ሰው "ይህን አውቀዋለሁ፣ የጉዞ መከታተያ ነው፣ ቁጥሩም ይኸውና" ብሎ መናገር ከቻለ የወፏ ሕይወት ይተርፋል።

የሰው የሆነውን መመለስ ለዚህ አገር አዲስ ትምህርት አይደለም። በሬ የጠፋበት ሰው በገበያ ቀን ያስለፍፋል፤ ቀለሙን፣ የቀንዱን አወጣጥ፣ በጆሮው ላይ ያለውን ምልክት ይናገራል። የባዘነች ላም በረቱ ያደረችበት ሰውም ለጎረቤትና ለአገር ሽማግሌ ያሳውቃል፤ ዝም ብሎ ከያዛት የሌባ ስም ይወጣለታል። በመናኸሪያችን ግድግዳ ላይ መታወቂያና ሰነድ የጠፋባቸው ሰዎች "ላገኘልን ወሮታውን እንከፍላለን" ብለው የለጠፉትን ወረቀት ሁላችንም አይተናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሰው ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ፣ ባለቤቱ እንዲያውቅም የሚቻለውን እንዲያደርግ ግዴታ ይጥልበታል፤ በአንጻሩ ወሮታ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍቶለታል። ስለ ንብ መንጋ ሳይቀር ይናገራል። ከቀፎው የወጣ መንጋ ባለቤቱ ወዲያው ተነሥቶ ካልተከታተለው የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል።

በወፎቹ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ይህን ልዩነት አጥብቃችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የውድድር እርግብ ባለቤት አላት፤ ስለዚህ የምትመለሰው እሷው ራሷ ናት። ቀለበት ያለው ሽመላ፣ ዳክዬ ወይም ጥንብ አንሳ ግን የማንም ንብረት አይደለም። ራዶልፍሴል ወይም ሄልሲንኪ ያለው ማዕከል ወፉን መልሱልኝ አይልም። የሚፈልገው ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ነው። ወፉ መንገዱን ይቀጥል። ስለዚህ አንድ ሰው ቀለበት ያየበትን ሽመላ "ለባለቤቱ ላድርስ" ብሎ በገመድ አስሮ ቢያቆየው ክፉ ሥራ ሠራ። በጎ ልብ ይዞ የሚጎዳ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የምደጋግመው።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። በእጄ ያለው ይህ ቀለበት አሉሚኒየም ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ላታዩት ትችላላችሁ፣ ወርዱ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በዱር ወፍ ቀለበት ላይ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው የማዕከሉ ስም ወይም ከተማ ነው፤ በላቲን ፊደል ሞስኮ፣ ሄልሲንኪ፣ ራዶልፍሴል፣ ቡዳፔስት፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ለንደን የሚሉ ዓይነት። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ፊደል ይኖረዋል። ፊደሉን ሳትጥሉ ጻፉ፤ ያለ እሱ ቁጥሩ ብቻውን የትኛው ወፍ እንደሆነ አይለይም። ጽሑፉ በቀለበቱ ዙሪያ ስለሚዞር ወፉን ሳይሆን ስልካችሁን እያዞራችሁ ሦስት አራት ፎቶ አንሡ። አቢጃታና ሻላ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የሶዳ ውሃ አሉሚኒየምን ይበላል። ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ቢመስላችሁ እንዳትጥሉት፤ በማዕከሉ በልዩ ዘዴ ሊነበብ ይችላል። ሽመላና ፍላሚንጎ ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ የሚታሰር፣ ከሩቅ በመነጽር የሚነበብ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። እሱን ለማንበብ ወፉን መያዝ ጭራሽ አያስፈልግም። ስንዴ ሲታጨድና መሬት ሲታረስ ሽመላው አንበጣና ትላትል ለመልቀም ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ቆም ብሎ እግሩን ማየት ብቻ ነው።

የደከመች፣ መብረር ያቃታት ወፍ ስታገኙ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ፈልጉ፤ ከውስጥ ጨርቅ አንጥፉና ጨለምለም ያለ ጸጥተኛ ቦታ አስቀምጧት። ጨለማው ያረጋጋታል። ስትይዟት ሁለቱን ክንፎች ከሰውነቷ ጋር አጣብቃችሁ በሁለት እጅ ያዙ፤ ደረቷን አትጫኑ፣ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሣሣች ስለሆነ። እንደ ሽመላ ረጅም መንቁር ያለው ከሆነ ዓይናችሁን ጠብቁ። እርግብ ከሆነች ጠለቅ ያለ ዕቃ ላይ ውሃ ስጧት። ዶሮ ውሃ ጠጥታ ራሷን ወደ ላይ ታቀናለች፤ እርግብ ግን መንቁሯን ነክራ ትስባለች፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ ሰሃን ላይ ያለ ጥቂት ውሃ አይበቃትም። በቆሎ፣ ምስር፣ አተር፣ ስንዴ ይስማማታል፤ ዳቦና እንጀራ ይቅርባት። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ካረፈች ጉልበቷ ይመለሳል። ሰማዩ በጠራ ማለዳ ሜዳ ላይ ወስዳችሁ ካርቶኑን ክፈቱላት። ወደ ላይ አትወርውሯት፤ ስትፈልግ ራሷ ትነሣለች። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከቤት ዶሮዎችም አርቃችሁ አስቀምጧት። ብዙ ወፎች አንድ ቦታ ሞተው ካገኛችሁ በእጃችሁ አትንኩ፤ ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

መረጃው የት ይሂድ? ዱር ወፍ ከሆነ ቅርባችሁ ያለው የአቢጃታ ሻላ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ማኅበር አሉ። ኢንተርኔት ያላችሁ ወጣቶች ዩሪንግ ለተባለው የአውሮፓ የቀለበት ማዕከላት ኅብረት በቀጥታ መላክ ትችላላችሁ፤ ከየትኛው አገር እንደመጣ ባታውቁ እንኳ እነሱ ለሚመለከተው ያደርሱታል። የደቡብ አፍሪካ ቀለበት ከሆነ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያለው ሳፍሪንግ ይቀበለዋል። የውድድር እርግብ ከሆነች ደግሞ በቀለበቱ ላይ ያለውን የአገር ምልክት አይታችሁ ለዚያ አገር የእርግብ ማኅበር ቁጥሩን ላኩ። በምላሹ ስለ ወፏ ይነግሯችኋል፤ ቀለበቱ የት እንደታሰረላት፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደበረረች። አንድ ልጅ በገዛ ማሳቸው ያያት ወፍ ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ እንደመጣች የሚናገር ወረቀት ሲደርሰው፣ በትምህርት ቤት የተሰቀለውን ካርታ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ያየዋል። መምህራን፣ ይህን ዕድል ለተማሪዎቻችሁ እንዳትነፍጉ አደራ እላለሁ።

ዕድሮቻችንም የሚያግዙበት መንገድ አለ። የዕድር ለፋፊው ለቀብርና ለስብሰባ ሲዞር፣ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምርልን ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ቀለበት ያለው ወፍ ያገኘ ቁጥሩን ያሳውቅ፣ ወፉን አይግደል፣ አይስረቅ፣ አይሽጥ። ይኸው ነው። ከኮፈሌ ደጋ እስከ ሐዋሳ ዳርቻ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በወላይትኛ ይነገር።

የመጨረሻው ነገር ለጥቂቶቻችሁ ነው። ከሞተ ወፍ ላይ የወጣ ቀለበት ቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ትኖራላችሁ። ልጅ አንገቱ ላይ ያሰረው፣ ቁልፍ መያዣ ላይ የገባ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ። ዓመታት ቢያልፉም ቁጥሩ ዋጋ አለው፤ መዝገቡ አይጠፋም። ወፉ በወንጭፍ ይሙት፣ በሽቦ ይሙት፣ ወይም ሞቶ ይገኝ፣ እንዴት ሞተ ብዬ ማንንም አልጠይቅም። የሚያስፈልገኝ ቁጥሩና በግምትም ቢሆን ያገኛችሁበት ቦታና ወር ነው። ከስብሰባው በኋላ በዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ማጉያ መነጽርና ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። ዛሬ ያልያዛችሁ ነገ ይዛችሁ ኑ። ቀለበቱን አንብበን ለእናንተው እንመልስላችኋለን።